ሙክቱን ከማሰር በፊት ቀኑን መቁጠር

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነው። ከበዓሉ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 14፣ አንድ የዋሂል ገበሬ ሁለት ሙክት ፍየል ይዘው ድሬዳዋ ገበያ ደረሱ። ፍየሎቹ ያማሩ ነበሩ። ጀርባቸው ሞልቷል፤ ጠጉራቸው ያብለጨልጫል። አምስት ወር ሙሉ ቤት ታስረው የበሉ ናቸው። ገበያው ግን ቀዝቅዞ ጠበቃቸው። ክርስቲያኑ አርዶ በልቷል። አረፋ ገና 45 ቀን ይቀረዋል። ደላላው የአንዱን ፍየል ሽንጥ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ «አቦ! አባባ፣ ምናለ ቅዳሜ ቢመጡ ኖሮ?» አላቸው።

ፋሲካ የሚውለው በሚቀጥለው እሑድ መስሏቸው ነበር። ፍየሎቹን ወደ ቤት እንዳይመልሱ ፉሩሽካው አልቋል። የእርሻው ጊዜ ደርሷል፤ የዘር መግዣ ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱን በ6,500 ብር ሸጠው ተመለሱ።

እኚህ አባት ማታ ማታ ከምናስተምራቸው ጎልማሶች አንዱ ናቸው። ቁጥር መጻፍ ከቻሉ ብዙ ጊዜ አይደለም። በማግስቱ ማታ ደብተራቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ ሁልጊዜ ሸጥኩ እላለሁ እንጂ ያተረፍኩትን አላውቀውም። እስቲ ይህን ነገር አብረን እንጻፈው» አሉኝ። የጻፍነው ይህ ነው። ለአንድ ፍየል ብቻ ነው፤ ሁለተኛውም ያው ነው።

የፍየሉ መግዣ — 5,000 ብር
ፉሩሽካና ፋጉሎ፣ በቀን 300 ግራም፣ ለ150 ቀን፣ 45 ኪሎ (በኪሎ 30 ብር) — 1,350 ብር
መድኃኒት — 100 ብር
ማጓጓዣና የገበያ ወጪ — 150 ብር
ድምር — 6,600 ብር
የተሸጠበት — 6,500 ብር
ኪሳራ — 100 ብር

«እንዴ! ከስሬአለሁ ማለት ነው?» አሉ። እንደገና ደመርን። ያው ነው። ልጃቸው በየቀኑ ውሃ የቀዳበት ጉልበት እዚህ ውስጥ የለም። የማሽላው አገዳም ከራሳቸው ማሳ ስለመጣ አልተቆጠረም። ገበሬው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቁጥሩን ካዩ በኋላ፣ «ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ቀኑን ከኋላ መቁጠር

ጥፋቱ ከፍየሎቹ አይደለም። ከመኖውም አይደለም። ጥፋቱ ከቀኑ ላይ ነው።

የከሳ ነገር ግን ጤነኛ የሆነ ወጠጤ ወይም ጠቦት ደህና መኖ ሲያገኝ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቶሎ ይለወጣል። በጥሩ አያያዝ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ሊጨምር ይችላል። በ90 ቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አካሉ ሞልቷል። የሚበላው መኖ ያው ነው፤ የሚጨምረው ክብደት ትንሽ ነው። የዋሂሉ ገበሬ ፍየሎች በአራተኛውና በአምስተኛው ወር የበሉት መኖ ኪሳቸውን እንጂ ፍየሎቹን አልለወጠም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከግዢው ቀን አይደለም። ከሽያጩ ቀን ነው። መጀመሪያ የምትሸጡበትን በዓል ምረጡ። ከዚያ ሦስት ወር ወደ ኋላ ቁጠሩ። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቀላል ነው፤ ጳጉሜን ከመሀል ከገባች ብቻ እሷን ጨምሩ። ለሚያዝያ 12 ፋሲካ መግዣው ጥር 12 ነው። ለታኅሣሥ 29 ገና መግዣው መስከረም 29 ነው። ይህን በደብተር ላይ ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃል።

የዋሂሉ አባት ኅዳር 14 ቀን ነበር የገዙት። ለምን በኅዳር? ማሽላ ስለተሰበሰበ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በገበሬው እጅ ትንሽ ገንዘብ ይገባል፤ አገዳውም ይከመራል። ሁሉም ያኔ ይገዛል። ሁሉም ስለሚገዛም የከሳው ፍየል ሳይቀር ይወደዳል። ከኅዳር አጋማሽ 90 ቀን ብትቆጥሩ የካቲት አጋማሽ ትደርሳላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ቀን ነው። ፍየሉ ለመሸጥ ሲደርስ የክርስቲያኑ ቢላዋ ወደ አፎቱ ገባ ማለት ነው። ከዚያ 55 ቀን መጠበቅ ነው። በእነዚያ 55 ቀናት ፍየሉ ይበላል።

እሳቸው ቢታገሡና ጥር 12 ቀን ቢገዙ ኖሮ ሒሳቡ ምን ይመስል ነበር? ይህንንም ጻፍነው። መግዣውን እዚያው 5,000 ብር አደረግነው። የ90 ቀን መኖ 27 ኪሎ ነው፤ 810 ብር ይሆናል። መድኃኒትና የገበያ ወጪ ሲጨመር ድምሩ 6,060 ብር ነው። በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ የጎረቤታቸው ሙክት የተሸጠው በ8,000 ብር ነበር። ትርፉ 1,940 ብር። ለሁለቱ 3,880 ብር። ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ እናንተ ይህን ስታነቡ የፉሩሽካውም የፍየሉም ዋጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ግን ይኸው ነው።

ድሬዳዋ በዚህ ነገር ከብዙ ከተሞች ትለያለች። የሁለት ሃይማኖት በዓል በአንድ ገበያ የሚገናኝባት ከተማ ናት። አንዱ ሲጾም ሌላው ሊያርድ ይችላል። ፋሲካ ያመለጠው ሰው አረፋ አለለት፤ መኖ ካለው ማለቴ ነው። ችግሩ አረፋ በእኛ የቀን አቆጣጠር አንድ ቦታ አለመቆሙ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ 21 ዋለ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 9። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። «አምና በሰኔ ነበር» ብሎ የተቀመጠ ገበሬ በዓሉ አልፎ ያገኘዋል። ትክክለኛው ቀን የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ቢሆንም ግምቱ ከአንድ ቀን በላይ አይስትም። ኢድ አልፈጥርም እንደዚሁ ይሄዳል፤ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት 21 ነበር። በኅዳር የሚገዛ ሰው ትንሽ ቆይቶ ታኅሣሥ 21 ቢገዛ ኖሮ ለእሱ ይደርስ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ዐቢይ ጾም ለሻጭ ክፉ ነው፤ ለገዢ ግን ጥሩ ነው። በጾሙ መጀመሪያ ገበያው ሲቀዘቅዝ የከሳ ወጠጤ በቅናሽ ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 29 ቀን የገዛ ሰው ልክ በሦስት ወሩ ለአረፋ ይደርሳል። አንድ የመልካ ጀብዱ አሳዳጊ ሥራዬ ብለው ይህን ያደርጋሉ። ሲጠየቁ፣ «እኔ ሰው ሲሸጥ እገዛለሁ፤ ሰው ሲገዛ እሸጣለሁ» ይላሉ፤ ሌላ ምስጢር የላቸውም።

ስለ ቁልቢ ገብርኤል የሚጠይቁ አሉ። የታኅሣሥ 19ኙ ንግሥ በጾም ውስጥ ስለሚውል በግ የሚፈለገው በአብዛኛው ለስለት ነው። የሐምሌ 19ኙ ግን በጾም ውስጥ አይደለም።

ምን ዓይነት እንስሳ ይገዛ?

በግና ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላቸውም። ከታች ስምንት አላቸው። ግልገል እያሉ ስምንቱም ትናንሽ የወተት ጥርሶች ናቸው። ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ መካከለኞቹ ሁለቱ ወልቀው ትላልቅ ይተካሉ። በሁለት ዓመት አካባቢ ትላልቆቹ አራት ይሆናሉ። በሦስት ዓመት አካባቢ ስድስት፣ ከዚያ ስምንት። ለማድለብ የሚሻለው ሁለት ትላልቅ ጥርስ ያበቀለው ነው። አጥንቱ አድጓል፤ ሥጋ ለመያዝ ገና ነው። ጥርሱ ያለቀ ያረጀ ፍየል በርካሽ ቢገኝም መኖውን ማኘክ ስለማይችል አይደልብም።

የምትሸጡለትን ሰውም አስቡ። ለአረፋ የሚታረድ ፍየል አንድ ዓመት የሞላው፣ በግ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈው መሆን አለበት። ዓይኑ የጠፋ፣ የሚያነክስ፣ የታመመ፣ እጅግ የከሳ አይሆንም። ጆሮው የተቆረጠውንም ገዢው ያመነታበታል። በአካባቢያችን ለምልክት ብለው የፍየል ጆሮ የሚቆርጡ ብዙ ናቸው። ለምልክት ቀለም ወይም የአንገት ገመድ ይበቃል። በአንድ ምላጭ የብዙ ብር ዋጋ መቁረጥ ምን ይባላል?

ከሽንሌና ከአይሻ በኩል የሚመጣውን በግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ራሱ ጥቁር፣ አካሉ ነጭ፣ ቂጡ ላይ ስብ የሚቋጥር ነው። አንዳንዱ ሰው ዋንኬ ይለዋል። ሙቀትና ጥም ይችላል። ይህ በግ በመርከብ ተጭኖ ደቡብ አፍሪካ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ አገር ያሉ ሰዎች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር በግ ጋር አዳቅለው ዶርፐር የሚባል የሥጋ በግ አወጡ። ዶርፐር ዛሬ በብዙ አገር በሥጋው የታወቀ ነው። ወደ እኛም አገር ተመልሶ ለማዳቀል መጥቷል። የዘመዳችንን ልጅ ከውጭ ገዝተን እንደማምጣት ነው። በደጃችን ያለውን በግ ስንንቅ ይህን ብናስብ ጥሩ ነው።

ገራባ፣ አገዳና ፉሩሽካ

የሐረርጌ ገበሬ በሬ አስሮ በማድለብ የታወቀ ነው። ከማሳው የሚሳሳውን ማሽላና በቆሎ እየነቀለ፣ ቅጠሉን እየሸለቀ ያበላል። ለበግና ለፍየልም የሚሠራው ይኸው ጥበብ ነው። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ለጋ ማሽላ፣ በተለይ ዝናብ ቀርቶበት የጠወለገ ወይም ከታጨደ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠ፣ እንስሳን የሚገድል መርዝ አለው። ወዲያው አትስጡ። አጭዳችሁ ፀሐይ ላይ በደንብ ሲደርቅ ጉዳቱ ይቀንሳል።

አገዳ ብቻውን ግን አያደልብም። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሐረርጌ ፍየሎችና በጥቁር ራስ በጎች ላይ ብዙ የመኖ ሙከራ ተደርጓል። ደረቅ ሣር ብቻ የበሉት ወይ ክብደት አይጨምሩም፤ ወይ ይቀንሳሉ። ፉሩሽካና ፋጉሎ የተጨመረላቸው ይለወጣሉ። ሁለት እጅ ፉሩሽካ፣ አንድ እጅ ፋጉሎ፣ ትንሽ ጨው አድርጎ መደባለቅ ነው። የለውዝ ፋጉሎ ያገኘ ሰው ከኑግ ፋጉሎ ቦታ ሊጠቀምበት ይችላል። የለውዙ ሐረግና ቅጠልም ደርቆ ቢቀመጥ ጥሩ መኖ ነው፤ ማሳ ላይ አታቃጥሉት። የሻገተ ለውዝና የሻገተ ፋጉሎ ግን ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው።

አዲስ መኖ በአንድ ቀን አይሰጥም። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ ለበዓል የተገዛውን በጋችንን ቶሎ እንዲወፍር ብዬ አንድ ባልዲ በቆሎ ሰጠሁት። በጉ ደስ ብሎት ጨረሰው። ማታ ሆዱ ተነፋ። ጠዋት ሞቶ አገኘነው። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም፤ ያ ነው የባሰው። እህል የለመደ ሆድ ሌላ ነው፤ ሣር የለመደ ሆድ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ፣ በሦስተኛው ሁለት እፍኝ እያሉ በ10 ወይም በ15 ቀን ወደ ሙሉው መድረስ ይገባል። ውሃ ደግሞ በድሬዳዋ ሙቀት ከፊቱ አይራቅ።

አሁን ስለ ገራባ እንነጋገር። በከዚራና በመጋላ መንገድ ላይ ከሰዓት በኋላ ያለፈ ሰው የከተማችንን ፍየሎች ያያል። ጫት ከተቃመ በኋላ የሚጣለውን ቅጠል እየለቀሙ ይበላሉ። ባለቤቶቻቸው ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ጠዋት በሩን ይከፍቱላቸዋል፤ ማታ ራሳቸው ጠግበው ይመጣሉ። ገራባ እውነተኛ መኖ ነው። ከደረቅ ሣር የተሻለ ኃይል አለው። ከጫት ተራ በጆንያ ሰብስቦ፣ አድርቆ፣ ከአገዳ ጋር መስጠት ይቻላል። መግዣው ጉልበት ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛው ፌስታል ነው። ጫት በፌስታል ይታሰራል፤ ፌስታሉ ከገራባው ጋር ይጣላል፤ ፍየሏ ሁለቱንም ትውጣለች። ፌስታል በሆድ ውስጥ አይፈጭም። እየተጠቀለለ ይከማቻል። ፍየሏ የጠገበች ትመስላለች፤ እየከሳች ትሄዳለች። በመጨረሻ ስትታረድ ከጨጓራዋ እንደ ኳስ የተጠቀለለ ላስቲክ ይወጣል። ሥጋ ቤት የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቁ፤ ያውቁታል። ስለዚህ ገራባ ለቅሞ፣ አራግፎ፣ በግርግም መስጠት እንጂ ፍየልን ወደ ቆሻሻ መልቀቅ አያዋጣም። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። በጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ ገበሬዎች አሉ። በቅርብ የተረጨ ጫት ገራባው ለፍየሏም ጉዳት ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገራባ ቢያንስ የዕለቱ ዋና መኖ አይሁን።

ስለ ፕሮሶፒስም አንድ ቃል ልበል። ይህ እሾኻም ዛፍ የግጦሽ መሬታችንን እየወረረ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየሎች ይወዱታል። ነገር ግን ዘሩ በሆዳቸው ሳይፈጭ ያልፍና በእበታቸው በየቦታው ይበቅላል። ፍየሏ በላች ስንል ጠላታችንን ዘራችልን ማለት ነው። ፍሬው በወፍጮ ተፈጭቶ ከሌላ መኖ ጋር ሲደባለቅ ዘሩ ይሞታል፤ መኖውም ይሻላል። ፍሬውን ብቻ ለረጅም ጊዜ የበላ እንስሳ መንጋጋው ይታመማል። ከመኖው ሲሶ በላይ እንዳይሆን።

አንዱ ቢሞት

አምስት ፍየል የሚያደልብ ሰው እናስብ። ለእያንዳንዱ 6,060 ብር አወጣ። ድምሩ 30,300 ብር ነው። አምስቱንም በ8,000 ብር ቢሸጥ 40,000 ብር ያገኛል። ትርፉ 9,700 ብር ነው። አሁን አንዱ በመጨረሻው ሳምንት ሞተ እንበል። አራቱን በ32,000 ብር ይሸጣል። ትርፉ 1,700 ብር ብቻ ነው። የአንድ ፍየል ሞት የአራቱን ሥራ በላው።

በአካባቢያችን በጣም የሚያሰጋው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥና ሳል ያመጣል። በጥቂት ቀን ይገድላል። ከአንዱ ወደ ሌላው በትንፋሽ ይተላለፋል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። አንድ ጊዜ የተከተበ እንስሳ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይጠበቃል። የዓለም መንግሥታት ይህን በሽታ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከምድር ለማጥፋት ተስማምተዋል። ከዚህ በፊት የከብት ደስታ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጠፍቷል፤ ስለዚህ የሕልም ነገር አይደለም።

በሽታው ወደ በረት የሚገባው ብዙ ጊዜ ከገበያ ነው። ስለዚህ የተገዛው ፍየል በቀጥታ ከቤቱ ፍየል ጋር አይቀላቀል። ለ15 ወይም ለ20 ቀን ለብቻው ይታሰር። በዚህ ጊዜ የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጠው። ትል ላለበት ፍየል ፉሩሽካ መስጠት ትሉን ማደለብ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት ስለሆነ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። መድኃኒት የወሰደ እንስሳ ሥጋው የማይበላበት ቀን አለ። ያንንም ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉት፤ ለበዓል ሁለት ቀን ሲቀረው መድኃኒት ሰጥቶ መሸጥ ገዢውን መበደል ነው።

መርከቡ ሲቆም

አንድ ተማሪያችን፣ «የድሬዳዋ ገበያ እንዲህ የሚወጣና የሚወርደው በበዓል ብቻ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አይደለም። ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ ከተማችን ከባሕር ማዶ ገበያ ጋር ታስራለች። ከሶማሌ ክልል የሚነሳው በግና ፍየል በጅቡቲና በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ የመን ይሻገራል። ነጋዴው ለሐጅ ሰሞን ሲሰበስብ በእኛም ገበያ ዋጋ ይነሳል።

በ1993 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባል በሽታ ገባ። ትንኝ የምታስተላልፈው ነው፤ እርጉዝ በጎችን ያስወርዳል፤ ሰውም ይገድላል። የዓረብ አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን እንስሳ ሁሉ ከለከሉ። መርከቡ ቆመ። የአርብቶ አደሩ በግ ባለቤት አጣ፤ እህልና ስኳር ለመግዛት ከበፊቱ ብዙ እጥፍ በግ መሸጥ ግድ ሆነ። ሳዑዲ ዓረቢያ የሶማሊያን እገዳ ያነሳችው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። ያለን ሙክት ሁሉ ለአንድ ገዢ ብቻ የታሰበ አይሁን።

በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎችም የሚፈልጉት የተለየ ነው። እነሱ ሙክት አይገዙም። የሚፈልጉት ያልተኮላሸ፣ ስብ የሌለው፣ ወጣት ወንድ ነው፤ ክብደቱ ከ13 እስከ 30 ኪሎ ያህል የሆነ። የቆላ እንስሳ ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም የደጋው ሥጋ ከታረደ በኋላ ቶሎ ይጠቁራል ይላሉ። ስለዚህ ወጠጤውን ከማስኮላሸት በፊት ገዢው ማን እንደሆነ መወሰን ይገባል። የተኮላሸ አይመለስም።

በገበያው ውስጥ

ገበሬው በገበያ የሚሸነፈው ክብደት ስለማያውቅ ነው። ሚዛን በሌለበት ገዢው በእጁ ይመዝናል። ሽንጡን፣ ጀርባውን፣ የበጉን ላት ይዳስሳል። በሶማሌ ነጋዴዎች ዘንድ ደግሞ ዋጋው በአፍ አይነገርም፤ በጨርቅ ሥር ጣት በመጨባበጥ ነው። ደላላው ከገዢው ጋር ሲጨባበጥ ባለፍየሉ ቆሞ ያያል። ሁሉም ደላላ ሌባ ነው አልልም፤ ገዢ የሚያመጣ እሱ ነው። ነገር ግን ሁለቱ እጆች የተስማሙበትን ሦስተኛው ሰው አያውቀውም።

ባለ ፍየሉ የራሱ ሚዛን ሊኖረው ይችላል። አንድ ሲባጎ ውሰዱ። ፍየሉ በተገዛበት ቀን ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሩበትና በሚደርስበት ቦታ ቋጠሮ ቋጥሩ። በየ15 ቀኑ እንደገና ለኩ። ሲባጎው ከቋጠሮው አልፎ ካልሄደ ፍየሉ እየበላ ነው እንጂ እየደለበ አይደለም። ወይ ትል አለበት፤ ወይ መኖው አንሷል፤ ወይ ሞልቶ ጨርሷል፤ የሞላ ከሆነ ይሸጥ። በሌላ በኩል ሥጋ ቤት ሄዳችሁ የአንድ ኪሎ ፍየል ሥጋ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። 25 ኪሎ የሚመዝን ፍየል ሲታረድ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ያህል ሥጋ ከነአጥንቱ ይወጣዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ደላላው የጠራለት ዋጋ የሥጋውን ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ቶሎ ይገባዋል።

የአንድ መንደር ሰዎች ተሰብስበው ቢሸጡ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ፍየል የያዘ ሰው ገዢ ይለምናል። ሃያ ፍየል አንድ ላይ ሲቆም ነጋዴው ራሱ ይመጣል፤ የመኪናውም ኪራይ ይከፋፈላል።

ድርቅም አለ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ቀርቶ በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በሲቲ ዞን ስፍር ቁጥር የሌለው በግና ፍየል አልቋል። ዝናቡ መቅረቱ ሲታይ ወንዶቹን ቶሎ ሸጠው ገንዘባቸውን የያዙ፣ እናቶቹን በተረፈው መኖ ያኖሩ ሰዎች ከሌላው ተሻሉ። የዚህ ጊዜ ቀን አቆጣጠር በበዓል አይደለም። በሰማዩ ነው።

የዋሂሉ አባት አሁን ሌላ ገጽ ጀምረዋል። በገጹ ራስ ላይ በትልልቅ ፊደል «የሚሸጥበት ቀን» ብለው ጻፉ። ከሥሩ «የሚገዛበት ቀን» አሉ። «ቀን»ን ሲጽፉ ተሳስተው «ቀነ» አደረጓት፤ ነገርኳቸውና አስተካከሉ። ከዚያ መግዣ፣ መኖ፣ መድኃኒት፣ ማጓጓዣ ብለው መስመር አሰመሩ። የሚቀጥለውን አረፋ ከመስጊዱ ሼህ ጠይቀው፣ ፋሲካን ደግሞ ከጎረቤታቸው ከክርስቲያኑ ጠይቀው ሁለቱንም ሞሉ። የዋጋው ቦታ ገና ባዶ ነው። ሲባጎዋ ግን ተቋጥራ በበሩ ላይ ተሰቅላለች።